ልብ ካላየ ዓይን አያይም



በየቤቱ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። ሚስት «ትናንት ማታ ነግሬሃለሁ» ትላለች። ባል «አልነገርሽኝም» ይላል። «ዓይን ዓይኔን እያየህ እሺ አላልከኝም?» ስትለው፣ «እውነቴን ነው፣ ትዝ አይለኝም» ይላል። ነገሩ የተጀመረው ስለ ዘይት ወይም ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ዘይቱም ክፍያውም ይረሳና «ለነገሩ እኔ በዚህ ቤት ምን ዋጋ አለኝ? ንቀኸኛል» ወደሚል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኩርፊያ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል።

ከባለቤቴ ጋር ሆነን ባለትዳሮችን ስናነጋግር ይህን ክርክር በብዙ መልኩ ሰምተነዋል። ብዙዎች ከእኛ የሚጠብቁት ማን እንደ ዋሸ እንድንፈርድላቸው ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እርሷ በእርግጥ ነግራዋለች፤ የተነገረው ነገር ግን በእርሱ አእምሮ ውስጥ አላደረም። ታዲያ ይህ ንቀት ነው ወይስ ሌላ ነገር? በችኮላ ከመፍረዳችን በፊት እግዚአብሔር የሰጠን አእምሮ እንዴት እንደሚያይና ያየውን እንዴት እንደሚይዝ ጥቂት ማወቅ ይጠቅመናል።

ቋንቋችን ራሱ መንገዱን ያሳየናል። አንድን ነገር ማስተዋል «ልብ ማለት» ነው። ሳናስተውለው ሲያመልጠን «ልብ አላልኩም» እንላለን። የተነገረንን ሳንረሳ ስናቆይ ደግሞ «በልቤ ይዤዋለሁ» እንላለን። ማስተዋልና መያዝ በአንዲት ቃል ታስረዋል ማለት ነው። የአእምሮ ተመራማሪዎች ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረሱበትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልብ ያላልነው ነገር በልባችን አይያዝም።

ዓይን አጥርቶ የሚያየው ጥቂት ነው

እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ዓይናችን በአንድ ጊዜ በሚገባ አጥርቶ የሚያየው ስፍራ ከዚያች ጥፍር ስፋት ብዙም አይበልጥም። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ደብዛዛ ነው። እንግዲያው ክፍሉ ሁሉ፣ ተራራው ሁሉ ጥርት ብሎ የታየን የሚመስለን ለምንድን ነው? ዓይናችን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዘልና አእምሮ ቁርጥራጩን ስለሚገጣጥመው ነው። በሚዘልበት ቅጽበት የሚመጣውን ብዥታ አእምሮ አፍኖ ያስቀረዋል። መስታወት ፊት ቁሙና አንዴ ግራ ዓይናችሁን፣ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ተመልከቱ። የራሳችሁ ዓይን ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ አታዩትም፤ አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ያየዋል።

ዓይን የተቀበለው መልእክት በራስ ቅላችን የኋለኛ ክፍል ወዳለው የአእምሮ ስፍራ ይሄዳል። ከዚያ በሁለት መንገድ ይከፈላል። በታችኛው መንገድ የሚሄደው «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ በላይኛው መንገድ የሚሄደው «የት ነው ያለው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ከግንባራችን በስተ ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ እንደ ቤት አዛዥ ነው። «አሁን ይህን ተመልከት፣ ያንን ለጊዜው ተወው» እያለ ያዛል። ዓይን በር ነው፤ ማን እንዲገባ የሚፈቅደው ግን ይህ አዛዥ ነው።

ምስር ስንለቅም

እህቶች ይህን ነገር ከማንም በተሻለ በእጃቸው ያውቁታል። ቀይ ምስር ክክ በሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ስትለቅሙ ጥቁር ጠጠር ካለበት ፈልጉኝ አይልም፤ ራሱ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ምስሩ እፍኝ ቢሆን ወይም ሰፌድ ሙሉ ቢሆን ለውጥ የለውም። ጠጠሩ የምስሩን ቀለምና የምስሩን መጠን የያዘ ከሆነ ግን ጣታችሁን እያንሸራተታችሁ፣ ፍሬ በፍሬ መሄድ ግድ ይላችኋል። እዚህ ላይ የምስሩ ብዛት ዋጋ ያስከፍላል።

አን ትሪስማን የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ ያስረዳል። በአንድ ምልክት ብቻ ከሌሎች የሚለይ ነገር፣ ለምሳሌ በቀለም፣ ያለ ድካም ብቅ ይላል። ቀለሙንና ቅርጹን አንድ ላይ አጣምረን የምንለየው ነገር ግን ትኩረታችንን አንድ በአንድ እያዞርን እንድንፈልገው ያስገድደናል። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ጩኸትና ለቅሶ እንደ ጥቁሩ ጠጠር ነው፤ ማንም ያየዋል። የባለቤታችን ድካም፣ የልጃችን ዝምታ ግን የምስሩን ቀለም የያዘ ጠጠር ነው። ሆን ብሎ ካልፈለጉት አይገኝም።

ማማ ላይ ያለው ጠባቂ

በወግዲና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ያደገ ሰው ሰብል ጥበቃን ያውቃል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ወንጭፋቸውን ይዘው ማማ ላይ ይወጡና ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ዝንጀሮው ማሳው ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ልጁ «ተኝተህ ነው!» ተብሎ ይገረፋል። ልጁም «ኧረ አልተኛሁም፣ ዓይኔንም አልከደንኩም» ይላል። ማን ያምነዋል?

ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ተመራማሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ የራዳር ጠባቂዎች ለምን የጠላትን ምልክት እንደሚያልፉ መርምሮ ነበር። ሰዎችን አንድ የሰዓት ቆጣሪ በመሰለ ነገር ፊት አስቀምጦ፣ ቀስቱ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘል እንዲያመለክቱ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሰዎቹ ንቃት በግልጽ ቀነሰ። ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ ልባቸው ግን ደክሞ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ የዋለውን ልጅ ከመግረፍ ይልቅ በተራ የሚተካው ሰው ማዘጋጀት ሰብሉንም ልጁንም ያድናል።

ስለ ዝንጀሮ ካነሳን አይቀር በዓለም የታወቀውን ሙከራ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ አሜሪካውያን አንድ አጭር ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ። በፊልሙ ውስጥ ነጭና ጥቁር የለበሱ ሰዎች ኳስ ይቀባበላሉ። ተመልካቾቹ የአንዱን ቡድን ቅብብል እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። በመካከሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል ዘልቆ፣ ደረቱን መትቶ ያልፋል። ከተመልካቾቹ ግማሽ የሚያህሉት ጎሪላውን በፍጹም አላዩትም። ፊልሙ ተመልሶ ሲታያቸው «ይህማ ሌላ ፊልም ነው» ያሉም ነበሩ።

ይህ የሚደርሰው ቸልተኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው እንዳትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሃያ አራት የራጅ ሐኪሞች የሳንባ ምስል እንዲመረምሩ ተደርጎ ነበር። ሙያቸው ማየት የሆነ፣ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በምስሉ ውስጥ ከሚፈልጉት እባጭ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ተደብቆ ነበር። ከሃያ አራቱ ሃያዎቹ አላዩትም። የብዙዎቹ ዓይን በትክክል ሥዕሉ ላይ አርፎ እንደ ነበረ መሣሪያው መዝግቧል። ልባቸው እባጭ ፍለጋ ላይ ስለ ነበረ ሌላው አልፏቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ሰው እያየን የማያየን ስለ ናቀን ሳይሆን ልቡ ሌላ ነገር እየቆጠረ ስለሆነ ነው።

ሰፌድና ጎተራ

ልብ ያልነው ነገር ወዴት ይሄዳል? አእምሯችን እንደ ጎተራ ያለ ትልቅ ማከማቻ አለው። የልጅነት መንደራችን፣ የእናታችን ድምፅ፣ የመዝሙር ዜማ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ነገር ግን እህል በቀጥታ ከአውድማ ጎተራ እንደማይገባ ሁሉ፣ አዲስ ነገርም በመጀመሪያ በአንዲት ትንሽ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል። በዚያች ሰፌድ ላይ ነው የምናበጥረው፣ የምናነጻጽረው፣ የምናስበው። ተመራማሪዎች ይህችን ሰፌድ የሥራ ትውስታ ይሏታል።

ሰፌዷ ምን ያህል ትይዛለች? በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ ባቄላ እየዘገነ ወደ ሣጥን እየጣለ፣ በአንድ አፍታ አይቶ ብዛቱን ይገምት ነበር። ይህን ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ደጋግሞ ሞከረ። ሦስትና አራት ሲሆኑ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ከአምስት ጀምሮ ስሕተት መግባት ጀመረ፤ ብዛቱ ሲጨምር ስሕተቱም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆርጅ ሚለር የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሰባት ያህል ነገር እንደሚይዝ ጻፈ። በኋላ ግን ኔልሰን ካዋን እ.ኤ.አ. በ2001 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ፣ ውስጣዊ መደጋገምና መቧደን ካልታከለበት ቁጥሩ ወደ አራት እንደሚጠጋ አሳየ። በዓይን የሚታይን ነገር በተመለከተም ላክና ቮገል እ.ኤ.አ. በ1997 ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖችን ለአፍታ አሳይተው ሲጠይቁ፣ ሰዎች ሦስት ወይም አራቱን ብቻ በሚገባ ይዘው ተገኙ።

ሰፌዷ ትንሽ ብቻ ሳትሆን ታፈሳለችም። ፒተርሰንና ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 ለሰዎች ሦስት ፊደላት ብቻ ከነገሯቸው በኋላ በልባቸው እንዳይደጋግሟቸው ቁጥር ወደ ኋላ ያስቆጥሯቸው ነበር። ከ18 ሴኮንድ በኋላ ከአሥር ጊዜ አንዱን እንኳ በትክክል የመለሱት ጥቂቶች ነበሩ። እንግዲህ ባሏ የሥራ ሒሳብ በልቡ እየደመረ ሳለ «ስትመለስ ዘይት ይዘህ ና» ያለችውን ሚስት አስቡ። እርሱ «እሺ» ሲል አልዋሸም። ቃሏ ግን ሰፌዱ ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች አርፎ፣ ሌላው ቁጥር ሲመጣ ተገፍቶ ወደቀ።

ሰፌድና ጎተራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዓለም ሕክምና ታሪክ የታወቀ አንድ ሰው አስተምሮናል። ሄንሪ ሞላይሰን የሚጥል በሽታ ስለ ነበረበት እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ከአእምሮው ግራና ቀኝ የተወሰነ ክፍል በቀዶ ሕክምና ተወሰደለት። ከዚያ በኋላ የተነገረውን ቁጥር በአፉ እየደጋገመ ለደቂቃዎች መያዝ ይችል ነበር። ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ግን ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥር መነገሩም ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለዓመታት የመረመረችውን ተመራማሪ በየጊዜው እንደ አዲስ ይተዋወቃት ነበር። ሰፌዱ ነበረ፤ ወደ ጎተራው የሚወስደው መንገድ ግን ተቆርጦ ነበር።

የቅኔ ተማሪው ምሥጢር

ታዲያ ሰፌዷ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነች አባቶቻችን ያን ሁሉ ትምህርት በቃላቸው እንዴት ቻሉት? በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ የሚማር ተማሪ ብራና ይዞ አይቀመጥም። ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ዛፍ ጥላ ይሄድና ቅኔውን በአእምሮው ይቆጥራል። ዜማው፣ ቤት መምቻው፣ ሰሙና ወርቁ ሁሉ በልቡ ነው የሚሰናኘው። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ትልቁን አይሸከምም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ትናንት ስምንት የነበረው ነገር ዛሬ አንድ ይሆንለታል። ከታወቁት የቅኔ መንገዶች አንዱ ዋድላ የተባለው ከወሎ ምድር መሆኑን ስናስብ ይህ ጥበብ የሩቅ አገር ወሬ እንዳልሆነ እናያለን። በወሎ መድረሳዎችም ልጆች በእንጨት ሎህ ላይ የተጻፈላቸውን ጥቂት መስመር ሲችሉት አጥበው ሌላ እየጻፉ ቁርዓንን በቃላቸው ሲይዙ ኖረዋል። መንገዱ ያው ነው፤ ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት።

ፊደል ስንቆጥርም እንዲሁ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጅ ይህን ሁሉ በሰፌዱ ሊይዝ አይችልም። ነገር ግን «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በዜማ ሲጮኸው አንዱ ረድፍ አንድ ነገር ይሆንለታል። ጎበዝ መምህር ግን በዚህ አይታለልም። ዜማውን የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ያያል ማለት እንዳልሆነ ያውቃልና፣ በእንጨት ከመሐል አንዱን እየነካ «ይህስ?» ይላል። ጆሮ የያዘውን ዓይንም እንዲይዘው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት የዚህን ምሥጢር ፈታ አድርጎ ያሳያል። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ሲነገሩት ሰባት ያህል ቁጥሮች ብቻ መድገም ይችል ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከተለማመደ በኋላ 79 ቁጥሮች በተከታታይ ሰምቶ መድገም ቻለ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ተማሪው ሯጭ ስለ ነበረ ሦስት አራት ቁጥሮችን እንደ ሩጫ ሰዓት እያደረገ ያስራቸው ነበር። ነገር ግን በቁጥር ፈንታ ፊደል ሲሰጠው ወደ ስድስት ያህል ተመለሰ። ሰፌዱ አልሰፋም፤ ማሰር ነው የተማረው። እረኛም ከመንጋው አንዲት ግልገል ስትጎድል ሳይቆጥር የሚያውቀው «የቡሬዋ ልጆች»፣ «የነጫጮቹ ቤት» እያለ በልቡ ስላሰራቸው ነው።

በአንድ ልብ ሁለት ሥራ

የዘመናችን ትልቁ የልብ ሌባ ስልክ ነው። ብዙዎቻችን «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ» እያልን በስልካችን ላይ እናነባለን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየሠራን ይመስለናል። አእምሯችን የሚያደርገው ግን ልክ እንደ ዓይናችን ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ነው፤ በዘለለ ቁጥርም ከሰፌዱ ጥቂት ያፈሳል። እጃችን የለመደው ሥራ፣ ለምሳሌ ጥጥ መፍተል ወይም ቡና መውቀጥ፣ ብዙ ልብ ስለማይጠይቅ ጨዋታን አይከለክልም። ማንበብና ማዳመጥ ግን ሁለቱም የቃል ሥራ ስለሆኑ ለአንድ ቦታ ይጣላሉ።

ይህ ነገር በቤት ኩርፊያ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ሞት ያመጣል። ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በስልክ እያወሩ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ስልኩን በእጃቸው ባይዙትም እንኳ ለምልክት የሚሰጡት ምላሽ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ዓይናቸው ያረፈበትን የመንገድ ዳር ማስታወቂያ እንኳ በኋላ ሲጠየቁ አያስታውሱትም ነበር። አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ መንገዱ ሲከብድ አይቶ ዝም ይላል። በስልኩ ማዶ ያለው ሰው ግን ጠመዝማዛውን ቁልቁለት አያይምና ማውራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ባልሽ በእነዚህ የወሎ ዳገትና ቁልቁለቶች ላይ መኪና እየነዳ ከሆነ «እየነዳሁ ነው» ሲልሽ አትቀየሚው፤ ፈጥነሽ ስልኩን ዝጊለት።

በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን የማርታንና የማርያምን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ማርታ ክፉ አልሠራችም፤ ለእንግዳዋ ነበር የምትደክመው። ልቧ ግን በብዙ ነገር ተከፋፍሎ ነበር። በትዳርም ብዙዎቻችን ለቤታችን እየደከምን ከቤታችን ሰዎች ጋር የማንገኘው እንዲሁ ነው።

እልከኝነት ነው ወይስ ሕመም?

አሁን ደግሞ ከበድ ወዳለ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። አንዳንድ ጊዜ አንድ አባት በድንገት ታመው ከተነሡ በኋላ ጠባያቸው ይለወጣል። በስተ ግራ ቆሞ ለሚያናግራቸው ሰው አይመልሱም። ከትሪው በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ በልተው «ምግቡ አለቀ» ይላሉ። የኮታቸውን አንድ እጅጌ ብቻ ለብሰው ይወጣሉ። ቤተሰቡም «ኮሩብን»፣ «አረጁ»፣ አልፎ ተርፎም «መንፈስ ነው» ይላል።

ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። በቀኝ የአእምሮ ክፍል ላይ፣ በተለይም ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ባለው ስፍራ፣ ስትሮክ ሲደርስ ዓይን ደኅና ሆኖ ሳለ የግራው ዓለም ከልብ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቢዚያክና ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ሐኪሞች እንዲህ የታመሙ ሁለት የሚላኖ ሰዎችን፣ የሚያውቁትን የከተማቸውን አደባባይ በሐሳባቸው እንዲያዩ ጠየቋቸው። በመጀመሪያ ወደ ካቴድራሉ ዞረው እንደ ቆሙ አድርገው ሲያስቡ በቀኝ በኩል ያሉትን ቤቶች ብቻ ጠሩ። ቀጥሎ በካቴድራሉ በር ላይ ቆመው ወደ አደባባዩ እንደሚመለከቱ ሆነው ሲያስቡ ቀድሞ የተዉአቸውን ጠሩና ቀድሞ የጠሯቸውን ተዉ። ትዝታቸው ሙሉ ነበር። የጠፋው የግራውን ጎን ልብ የሚለው ኃይል ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የአንድ ሰው ፊት በድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በእያንዳንዱ ደቂቃ የሚጎዳ የአእምሮ ክፍል አለ። መጸለይ ሕክምናን አያስቀርም፤ መኪናው ላይ ሆናችሁም መጸለይ ትችላላችሁ። ከበሽታው የተረፉትንም በቀኛቸው በኩል ሆናችሁ አነጋግሯቸው። ቀስ በቀስም ወደ ግራ መመልከትን እንዲለማመዱ ባለሙያ የሚላችሁን አድርጉ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. አስቀድማችሁ ልቡን ጥሩት። ከጓዳ ሆኖ ወደ ሳሎን መናገር ውኃን በተከደነ ማሰሮ ላይ ማፍሰስ ነው። ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ሳለም እንኳ የራሱን ስም የመስማት ዕድል አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገ ሙከራ፣ ሌላ ንግግር በትኩረት እያዳመጡ ስማቸው ሲጠራ የሰሙት ከሦስቱ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በስሙ ጥሩት፣ ፊቱን እስኪያዞር ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ።

2. ጥቂት በጥቂት አዝዙ። ልጅን «ሱቅ ሂድ፣ ጨውና ክብሪት ግዛ፣ መልሱን ቁጠር፣ ስትመለስ እማማን ጥራ፣ በሩን ዝጋ» ብሎ መላክ ሁለት ሰፌድ የሚሞላ ነው። የልጅ ሰፌድ ከአዋቂ ያነሰች ናት፤ የሚያዝዘው የግንባር ክፍልም እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ድረስ ማደጉን አያቆምም። ከመገሠጻችሁ በፊት ሸክሙን ቍጠሩ።

3. አስደግሙት። «እስቲ ምን አልኩህ?» ማለት ፈተና ሳይሆን እርዳታ ነው። መልእክቱን በራሱ አፍ ሲደግመው በሰፌዱ ላይ ይጸናል። ልጁ ለማሰብ ዓይኑን ወደ ጣራ ቢያዞርም አትቆጡት። ከባድ ነገር የሚያስብ ሰው ከፊት ያለውን መመልከት ማቆሙ ሰፌዱን ባዶ ለማድረግ ነው።

4. ለከባድ ጉዳይ ጊዜ ምረጡለት። እንቅልፍ ያጣች የአራስ እናትና ሲጨነቅ የዋለ አባት ሰፌዳቸው ጠብባለች። ስለ ዘመድ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤት ጉዳይ በዚያ ሰዓት የተነገረ ነገር አንድም አይሰማም፣ አንድም ተጣምሞ ይሰማል።

5. ለስልኩ ቦታ ስጡት። በማዕድ ሰዓትና በቡና ሰዓት ሁሉም ስልኩን አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ። አባት ሳያስቀምጥ ልጅን «አስቀምጥ» ማለት ግን አይሠራም።

6. ጻፉት። በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ከሰፌድ አይወድቅም። የገበያ ዝርዝር በኪስ መያዝ ሞኝነት አይደለም።

እንግዲህ አንድ ወንድም ይህን አንብቦ «አየሽ፣ ጥፋቱ የአእምሮዬ ነው» ቢል፣ እህቴም ልክ ናት ብላ ብትስማማ፣ ጽሑፌ ያልታሰበበት ቦታ ደርሷል ማለት ነው። ሰፌድህ ትንሽ መሆኗ እውነት ነው። በሰፌድህ ላይ ምን እንደምታስቀምጥ የምትመርጠው ግን በአብዛኛው አንተ ነህ። የኳስ ቡድኖችን ውጤት በሙሉ እያስታወስህ የሚስትህን የሐኪም ቀጠሮ በየጊዜው የምትረሳ ከሆነ፣ እርሷ «ንቀኸኛል» ስትል ልትሰማት ይገባሃል። አንቺም እህቴ፣ ሁሉን መርሳት ንቀት አድርገሽ አትቍጠሪው። አንድ ጊዜ የረሳውንና ዘወትር የሚተወውን ለይተሽ እዪ። የመጀመሪያው ድካም ነው፤ ያልፋል። ሁለተኛው ግን ተቀምጦ መነጋገርን ይጠይቃል።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንድ እፍኝ ባቄላ አምጡና ከልጆቻችሁ ጋር ጄቮንስ ያደረገውን ሞክሩ። ሦስት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ስምንት እየበተናችሁ ለአፍታ አሳይታችሁ ሸፍኑት፤ «ስንት ነበረ?» በሉ። አባትም ይሳሳታል፣ እናትም ትሳሳታለች። ልጆቹ በዚህ ይስቃሉ። እናንተም አንዳችሁ የሌላችሁን ሰፌድ መጠን ታያላችሁ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።